የተፈጨው ቅጠል

መኳንንት ተክለማርያም በኮልፌ ሰፈር «ሌክቸረሩ» ይባላል። ማዕረጉን የሰጠው ዩኒቨርሲቲው ቢሆንም ለሰፈሩ ያስተዋወቀው ግን ራሱ ነው። ለዕድሩ ዳኛ፣ ለቀበሌው ሊቀ መንበር፣ ለኅብረት ሱቁ ሻጭ ሳይቀር ስሙን ከመናገሩ በፊት ሥራውን ይናገራል። ምን እንደሚያስተምር የጠየቀው ሰው ካለ ግን «ኬሚስትሪ ነው፤ ብነግርህም አይገባህም» ብሎ ይዘጋዋል። የሰፈሩ ሰው ኬሚስትሪው ባይገባውም ሰውየው በደንብ ስለገባው ሁለተኛ አይጠይቀውም።

በገንዘብ አይታማም። የዕድር መዋጮውን በጊዜው ይከፍላል፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ እንግዳ ሲመጣበትም ፊቱን አያጠቁርም። የሚሰስተው በሚያውቀው ነገር ነው። ሰዓት ስንት ሆነ ያለውን መንገደኛ እንኳ ለምን እንደፈለገው በዓይኑ ሳይመረምር አይመልስለትም። ጠዋት ወደ ጦር ኃይሎች የሚወስደውን ውይይት ታክሲ ሲሳፈር፣ ያው ተሳፋሪው ግራና ቀኝ ሆኖ ፊት ለፊት እየተያየ ነውና የሚቀመጠው፣ ጭኑ ላይ ያለውን መጽሐፍ ርዕሱን ወደ ታች ይደፋዋል። ከፊቱ ጎመኗን ታቅፋ የተቀመጠችው ሴትዮ የኬሚስትሪ ምሥጢር ሰርቃው እንዳትወርድ ሰግቶ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ሲደርስ ደግሞ ይብስበታል። ክፍል ውስጥ በቀኝ እጁ ይጽፋል፣ በግራ እጁ ያጠፋል። ስሌት ሲያሳይ ከመጨረሻው በፊት ያለችውን መስመር ይዘላታል፤ ተማሪ እጁን አውጥቶ ይህ ከየት መጣ ሲለው «ይሄማ ግልጽ ነው» ይላል። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጥሩ መጽሐፍ ካገኘ አንብቦ ሲጨርስ ከከብት እርባታ መጻሕፍት መሃል ይሸጉጠዋል። ከምሥራቅ ጀርመን በእርዳታ የመጣውን የመለኪያ መሣሪያ የተከሉት ባለሙያዎች አጠቃቀሙን ያሳዩት ለእሱ ነበርና፣ እሱ ደግሞ ለሌሎቹ እንዲያሳይ አደራ ተጥሎበት ነበር። አደራውን በራሱ መንገድ ጠበቀ። «ስስ ዕቃ ነው፤ እጅ ከበዛበት ይበላሻል» እያለ ሥራውን ሲጨርስ የመሣሪያውን የኤሌክትሪክ ገመድ ነቅሎ መሳቢያው ውስጥ ይቆልፍበታል። የሥራ ባልደረቦቹ መሣሪያውን ሲያልፉ ሲያገድሙ ያዩታል እንጂ ሲበራ አይተውት አያውቁም።

ይህ ጠባይ ከየት እንደመጣበት እሱ ራሱ የሚያነሳው አንድ ታሪክ አለው። አራተኛ ክፍል ሳለ አጠገቡ ለሚቀመጥ ልጅ የክፍልፋይ ሒሳብ አሳየው፤ በዓመቱ መጨረሻ ልጁ አንደኛ ወጣ፣ እሱ ሁለተኛ። በተጋቡ ሰሞን ይህንን በደል ለሚስቱ ለትርንጎ ሲነግራት ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ትርንጎ መጀመሪያ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ቀልድ አለመሆኑን ስታውቅ ሳቋን አቋረጠች፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ትምህርት ቤት አንስታበት አታውቅም።

አባቱ መሪጌታ ተክለማርያም ከጎጃም መጥተው ኮልፌ የተተከሉ የቅጠል መድኃኒት አዋቂ ነበሩ። ጭርትና እከክ የያዘው ሰው ከቆሼ ማዶ ሳይቀር እየመጣ ደጃቸው ይጠናል፤ እሳቸውም አንድ የተወቀጠ አረንጓዴ ነገር ቀብተው ይሸኙታል። ያድን አያድን ባለቤቱ ይወቅ፤ ዳንኩ ያለው ሰው ግን ምሎ ይገዘታል። የመሪጌታ ደንብ አንድ ነበር። መድኃኒቱን ላልጠየቃቸው ሰው አይነግሩም። ዝቅ ብሎ፣ አክብሮ መጠየቅ አለበት። ሳይጠየቅ የተነገረ መድኃኒት አይሠራም ብለው ያምኑ ነበር፤ ከአባታቸውም ከአያታቸውም የተቀበሉት ልማድ ይኸው ነው። መታከም የፈለገ እንጂ ማወቅ የፈለገ ሰው ብዙም ስላልነበረ ደጁ ላይ የሚቆመው ሁሉ ራሱን አሳክሞ ይሄዳል።

ሌክቸረሩ ልጃቸው በዚህ ያፍር ነበር። ዘመኑ ደግሞ የስብሰባ ዘመን ነው። አንድ እሑድ ቀበሌው የሳይንስን ጥቅም ለነዋሪው እንዲያስረዳ ጋበዘውና መድረክ ላይ ወጣ። «ዕውቀት የሰፊው ሕዝብ ነው» አለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ዕውቀትን በጉያቸው ሸሽገው፣ ቅጠል እየወቀጡ ሕዝቡን የሚያደናግሩ የአሮጌው ሥርዓት ርዝራዦች ናቸው።» ጭብጨባው ቀለጠ። መሪጌታ ተክለማርያም ከፊት ረድፍ ላይ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ተቀምጠው ነበር። ታክሲ ውስጥ መጽሐፉን የሚደፋ፣ የመሣሪያ ገመድ የሚቆልፍ ሰው ይህን ሁሉ ሲናገር ምላሱ እንኳ አልተደናቀፈም። ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው የተናገረው።

መሪጌታ ከዚያ በኋላም እንደ ወትሮው ከሰው ጋር ይውላሉ፣ ቅጠላቸውን ይወቅጣሉ። ቆይቶ ሕመም ጣላቸውና አልጋ ያዙ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጃቸውን ወደ አልጋቸው ጠርተው እጁን ያዙት።

«ልጄ፣ የምትጠይቀኝ ነገር የለም?» አሉት።

መኳንንት ሊጠይቅ ይፈልግ ነበር። መድረክ ላይ የሰደበውን ያንን አረንጓዴ ነገር በቤተ ሙከራ ቢመረምረው ስም ያወጣልኛል፣ ውጭ አገር ይልከኛል እያለ ማሰብ ከጀመረ ዓመታት ሆኖታል። ግን ርዝራዥ ብሎ ከሰደበው ሰው እግር ሥር ተቀምጦ እንዴት ይጠይቅ? ደግሞስ የጠየቀ ሰው አለማወቁን አሳየ ማለት ነው፤ እሱ ደግሞ ዕውቀቱን ብቻ ሳይሆን አለማወቁንም ለሰው ሰጥቶ አያውቅም። አልጋው ሥር በማዳበሪያ ከረጢት የታጨቀ ደረቅ ቅጠል እንዳለ ትዝ አለው። ቅጠሉ ካለ ጥያቄ ምን ያደርጋል ብሎ ራሱን አሳመነ። «ምንም የለም አባባ፤ ይረፉ» አላቸው። መሪጌታ እጁን ለቀቁት፤ ሳምንትም አልቆዩ፣ ዐረፉ።

አርባቸው ሳይወጣ ከረጢቱን ተሸክሞ ወደ ዩኒቨርሲቲው ወሰደው። ቅጠሉ ደርቆ ተሸራርፏል፤ ቢሆንም ዕፅዋት የሚያውቅ ሰው አንዷን ፍንካች አንስቶ ቢያያት ምንነቷን ይናገራል። ደህና ተመራማሪ እዚያ ላይ ምን ያደርጋል? ከፎቁ ሥር ወዳለው የዕፅዋት ክፍል ወርዶ ይህ ምንድነው ብሎ ይጠይቃል፤ ጥቂቷንም በወረቀት መሃል አድርጎ ያስቀምጣል። መኳንንት ያሰበው ሌላ ነው። ይህን የመሰለ መድኃኒት መቼም የትም የሚበቅል ተራ ነገር አይደለም፤ አባቴ ከጎጃም ተራራ ጫፍ እያስመጡት መሆን አለበት ብሎ ደምድሟል። ለሌላ ሰው የሚያሳውቅበት ደግሞ የቅጠሉ መልክ ነው። ስለዚህ በሩን ቆልፎ ከረጢቱን ሙሉ ፈጨው፤ ወንፊት ላይ የቀረውን ደግሞ መልሶ ፈጨው። አንዲት ፍንካች ሳያስቀር ዱቄቱን በቡናማ ጠርሙሶች ሞልቶ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት፤ ልቡም ዐረፈ።

ያን ዕለት በሩን ያንኳኳችው ብርቅዬ ነበረች፤ ረዳት መምህርት ናት፣ ከእሱ ጋር በአንድ ኮሪደር ትሠራለች። በሩን ገርበብ አድርጎ በክፍተቱ ቆመ። ካፖርቱ ላይ የቅጠል ስባሪ ተጣብቋል። ብርቅዬ ኬሚስትሪ ከመግባቷ በፊት ዕፅዋት ተምራ ነበርና ስባሪውን ባየችው ቅጽበት ለየችው። አልተናገረችም። እሷ ደግሞ የምታውቀውን ለመናገር ሁለት ጊዜ መለመን የሚያስፈልጋት ሰው ናት፤ እሱ አንድ ጊዜም አይጠይቅም። በመንፋቱ ላግዝዎ ስትለው «ምን ልታዪ መጣሽ?» አላት፤ የመጣላትን ውጣ ተመለሰች። ዩኒቨርሲቲው እንዲህ ያሉ ሁለት ሰዎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ በየዓመቱ መጨረሻ ምርምሩ ለምን አልገፋም ብሎ ስብሰባ ይጠራል።

የዕፅዋት ክፍሉ ዱባለ ደግሞ የሁለቱ ተቃራኒ ነው። ቤተሰቦቹ ከደቡብ ምዕራብ መጥተው ኮልፌ ገበያ ውስጥ ኮረሪማና ጥምዝ የመሳሰለ ቅመም ሲነግዱ የኖሩ ናቸው፤ እሱም ያደገው እዚያው ነው። ያወቀውን ነገር አፉ ውስጥ ይዞ ማደር አይችልም። ስለ ሽበት፣ ማለትም ግንድ ላይ ስለሚበቅለው የዛፍ ሽበት፣ ታክሲ ውስጥ ጀምሮት ተሳፋሪው ፌርማታውን አልፎ ሄዷል። ስብሰባ ላይ ዕድል ከሰጡት ምሳ ሰዓት ያልፋል። ሰው ሲያየው ይሸሸዋል፣ መልስ ሲቸግረው ደግሞ ይፈልገዋል፤ የፈለገው ሰው ሁሉ ደግሞ ያገኘዋል።

ይህ ዱባለ መሪጌታ ካረፉ በኋላ አንድ ቀን የመኳንንትን በር አንኳኳ። «ስለ አባትህ አንድ ነገር ልነግርህ ነበር» አለው። መኳንንት እንደ ልማዱ በሩ ክፍተት ላይ ቆሞ አየው። የዕፅዋት ሰው፣ ፎቅ ወጥቶ፣ አባቴን እያነሳ? ቅጠሉን አነፍንፎ እንደመጣ ወዲያው ገባው፤ ማለትም የገባው መሰለው። ሥራ በዝቶብኛል ብሎ ዘጋበት። ዱባለ ሌላ ቀን ሻይ ቤት አግኝቶት ወሬውን ሊጀምር ሲል፣ መኳንንት ብርጭቆውን አንስቶ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ተዛወረ። ዱባለ ሰሚ የሚቸግረው ሰው አይደለምና ከዚያ በኋላ ተወው።

ዱቄቱ ግን ሠራ። መኳንንት በሳህን ያበቀለውን የጭርት ፈንገስ ዱቄቱ ሲነካው መብቀሉን አቆመ፤ ደጋገመው፣ ውጤቱ ያው ሆነ። ይኼኔ ቢያንስ በልቡ አባቱን ማመስገን ይችል ነበር። እሱ ያመሰገነው ራሱን ነው። ማንም ሳያውቅ ምሥራቅ ጀርመን፣ ላይፕዚግ ለሚደረግ ጉባኤ ጥናቱን ላከ፤ ተቀባይነት አገኘ። ጥናቱ የተወደደለት ሰው እዚያው ቀርቶ ዶክትሬቱን እንዲሠራ ዕድል ይሰጠዋል ተብሏል። ከዚያን ቀን ጀምሮ የመኳንንት አረማመድ ተለወጠ። ውይይት ታክሲ ውስጥ መጽሐፉን ብቻ ሳይሆን ራሱንም ወደ መስኮቱ ማዞር ጀመረ። ለትርንጎ እንኳ አልነገራትም፤ ውኃ ልትቀዳ ስትሄድ ለጎረቤት ታወራዋለች ብሎ ፈራ።

የምርምር ኮሚቴው ሰብሳቢ ዶክተር አምሐ ጨዋ ቢሆኑም በሥራቸው ፈጽሞ የማይለሳለሱ ሰው ናቸው። የጉባኤው ደብዳቤ ሲደርሳቸው አስጠርተው እንኳን ደስ አለዎት አሉትና አንድ ነገር ብቻ እንደሚቀር ነገሩት። የተክሉ ስም በጥናቱ ላይ መጻፍ አለበት፤ ከነቅርንጫፉ የተጫነ ናሙናም ለዕፅዋት ክፍሉ ገቢ መሆን አለበት። አለበለዚያ ምን እንደተጠና አይታወቅምና ዩኒቨርሲቲው አይልከውም። ከክረምቱ በፊት ይቅረብ አሉት።

መኳንንት እየሮጠ ወጣ ማለት ይቻላል። ባዶውን ከረጢት ከቁም ሣጥኑ አውጥቶ ገለበጠው፣ አራገፈው፣ ስፌቱን እየገለጠ ፈለገ። ብናኝ ብቻ ወጥቶ አስነጠሰው። ማንም እንዳይለየው ብሎ የደከመበት ነገር ሁሉ እንከን ሳይወጣለት ተሳክቶ፣ እሱም ራሱ የማይለየው ሆኖ ቀረ።

በፋሲካ ዕረፍት ብልቃጥ ዱቄት በኪሱ ይዞ አባቱ ወደተወለዱበት አገር ወረደ። የማን ልጅ እንደሆነ ለማንም አልተናገረም። ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ያገኛቸውን ሽማግሌዎች ብልቃጡን እያሳየ ይህን ያውቁታል ወይ ይላቸዋል፤ ከየት አመጣኸው ሲሉት ልነግራችሁ አልችልም ይላል። ሽማግሌዎቹ ይህ ሰው ጤና የለውም ተባብለው ጠበል ያለበትን አቅጣጫ አሳዩት። አቧራ ለብሶ ወደ ኮልፌ ተመለሰ፤ ትርንጎ የት ነበርክ ስትለው ለሥራ አላት።

የቀረው ዱባለ ብቻ ነበር። ሦስት ጊዜ ደረጃውን ወርዶ ሦስት ጊዜ ከተመለሰ በኋላ በመጨረሻ ገባ። ሰላምታውን አሳጥሮ ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አንድ ጓደኛዬ የሰጠኝ ነው፣ ምን ይመስልሃል አለው። ዱባለ ከፍቶ አሸተተው፣ በጣቱ ፈተገው፣ ወደ ብርሃን ይዞ አየው። እንዲህ ከተፈጨ በኋላ ማንም አይለየውም፣ አንድ ፍንካች እንኳ አላስቀረም ወይ ብሎ ጠየቀ። መኳንንት አላስቀረም አለ። ከዚያ ዱባለ ቀና አለ፤ ፊቱ ፈካ።

«የአባትህ መድኃኒት ከሆነ ግን...»

«የአባቴ አይደለም» አለ መኳንንት፣ አፉን አላስጨረሰውም። «የጓደኛዬ ነው አልኩህ።»

«እንግዲያው አላውቀውም» አለ ዱባለ፣ ብልቃጡን እየመለሰለት።

አንድ ትንፋሽ ያህል ዝም ቢል ኖሮ ስሙን ሰምቶት ነበር። እሱ ግን ደረጃውን ሲወጣ በራሱ ብልጠት ደስ ብሎት ነበር። ዱባለ በወሬ ሊያጠምደኝ ሲል አመለጥኩት ብሎ ነው የሚያስበው።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሻይ ቤት ገብቶ ጀርባውን ለሰው ሰጥቶ ሲቀመጥ፣ ከኋላው የዱባለ ድምፅ ሲደምቅ ሰማ። ዙሪያውን ከበው ለሚሰሙት ሰዎች «የመሪጌታ ተክለማርያም ቅጠል» እያለ ያወራል። መኳንንት ክው አለ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ቁጭ ብሎ ጆሮውን ያቆምና የቅጠሉን ስም ይሰማል። እሱ ግን ደሙ ፈልቶ፣ ሻዩን ጥሎ ወጣ። ተዘርፌያለሁ የሚለው ቁጣው ምን እንደተዘረፈ ለማወቅ ጊዜ አልሰጠውም።

በሳምንቱ የመምህራኑ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ነበር። ወትሮ መምህራኑ እዚያ የሚመጡት ያረፈዱበትን ቀን ለመናዘዝና ለማንቀላፋት ነው። ዶክተር አምሐ ሂስ ያለው ሲሉ መኳንንት ተነሣ። የቤተሰቡን የምርምር ሀብት ጓድ ዱባለ እንደዘረፉት፣ በአደባባይም እየነዙት እንደሆነ ተናገረ። ያንቀላፋው ሁሉ ነቃ።

«ጓድ መኳንንት፣ የተዘረፉት ነገር ስሙ ምንድነው?» አሉ ዶክተር አምሐ።

በስብሰባ ላይ የሚነገር አይደለም፣ ምሥጢር ነው አለ።

«ያውቁታል ግን?»

 መኳንንት አመዱ ቡን ብሎ ቆመ።  ዱባለ ፈቃድ ሳይጠይቅ ተነሣ፤ ላንድ ጊዜ ንግግሩ አጭር ሆነ። ሰንሰል ነው አለ። ከኋላ አንድ ሰው «የአጥሩ ሰንሰል!» ብሎ ሲያሾፍ ሳቁ ፈነዳ። ኮልፌ ላይ በሰንሰል ያልታጠረ ግቢ የለም፤ ውሻ የሚሸናበት፣ ፍየል እንኳ የሚንቀው ተክል ነው። መኳንንት አፉ ተከፍቶ ቀረ።

ዱባለ ቀጠለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ ሲመለስ መሪጌታ ዘንድ እየገባ ይቀመጥ ነበር። በመጀመሪያው ቀን በአክብሮት ጠየቃቸው፤ በመጀመሪያው ቀን ነገሩት። እሱም የሚያውቀውን ሁሉ ነገራቸው፤ ሲጨርስ መሽቶ ነበር። ከዚያ ዱባለ ወደ መኳንንት ዞረ፤ ድምፁ ዝቅ አለ።

«ልጄ ከጠየቀኝ እኔው እነግረዋለሁ፤ ሳይጠይቀኝ ከሞትኩ ግን አንተ ንገርልኝ አሉኝ። ሁለት ጊዜ ልነግርህ መጥቼ ሸሸኸኝ። በመጨረሻ ደግሞ የአባቴ አይደለም አልከኝ።»

በዚህ ጊዜ ብርቅዬ ጣቷን እንደ ተማሪ አነሣች። እሷም ካፖርቱ ላይ አይታው እንደነበር፣ ልትነግረው ፈልጋ እንደፈራች ተናገረች። ሁለት ጊዜ ሳትለመን ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር። ሲጣራ ሻይ ቤት ከዱባለ ያልሰማ አልነበረምና በስብሰባው ካለው ሰው መሃል የመሪጌታን ቅጠል የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ተገኘ፤ እሱም ቆሟል።

ዶክተር አምሐ ሳቁን አስቁመው ነገሩን በደህና ሊጨርሱት ሞከሩ። ሰውን ማዋረድ የሚወዱ አይደሉም። ጥናቱ ጥሩ ነው፣ ጉባኤውም አላመለጠም አሉ። ጓድ ዱባለ የተክሉን ስምና ናሙና ይስጡ፤ ጓድ መኳንንት የዱቄቱን አሠራርና የመሣሪያውን አጠቃቀም ለብርቅዬ ያሳዩ፤ የሦስቱም ስም ይጻፍና መኳንንት ላይፕዚግ ሄደው ያቅርቡ። ይስማማሉ ወይ ብለው ጠየቁት።

ላይፕዚግ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦለት ነበር። ዶክትሬቱም፣ ሲመኘው የኖረው ስምም። የሚጠየቀው ሁለት ሰው ስሙ አጠገብ እንዲጻፍና ከመሳቢያው ውስጥ አንድ ገመድ አውጥቶ እንዲሰጥ ነው። ሁሉም ሰው አየው፤ ዱባለም በልቡ እሺ በል እያለ ይመስል ራሱን ይነቀንቅለታል። መኳንንት ግን የአራተኛ ክፍሉ ልጅ አንደኛ ሲወጣ ታየው።

«ብቻዬን ነው የሠራሁት» አለ። «አሠራሩን ለማንም አላሳይም።»

ወረቀቱን ሰብስቦ ወጣ። ጉባኤው ያለ እሱ አለፈ። ዱባለና ብርቅዬ ሥራውን ከሰንሰሉ ጀምረው አዲስ ሠሩት፤ ለመሣሪያው የጠፋውን ገመድ ሲያፈላልጉ የሻይ ማፍያው ገመድ ልክክ ብሎ ገባለት። በተከታዩ ዓመት ብርቅዬ ሄደች። ዱባለ እኔ ብሄድ ማውራት ስለማላቆም ጉባኤው አያልቅም ብሎ ነው እሷን የላካት።

መኳንንት ግን ከዚያ ስብሰባ በኋላ ባለችው ቅዳሜ ገበያ ወጥቶ ከብረታ ብረት ነጋዴው ከጀይሉ ሱቅ ቆርቆሮና ሚስማር ገዛ። የሱ ግቢ ዙሪያውን በሰንሰል የታጠረ ነው፤ አባቱ በእጃቸው ተክለውት፣ እሱ ጠዋት ጠዋት ጥርሱን እየፋቀ ሲተፋበት የኖረ አጥር። ቆርቆሮውን ከሰንሰሉ ውጭ፣ በመንገዱ በኩል ያቆመውና ይመታ ጀመር። ከመንገዱ ማዶ የጎረቤቱ አጥር ሰንሰል ነው። ከጎረቤቱ ቀጥሎ ያለውም ሰንሰል ነው፤ እስከ ጦር ኃይሎች ድረስ ሰንሰል ነው።

ትርንጎ ድምፁን ሰምታ ወጣች። እጇ እስከ ክርኗ አረንጓዴ ሆኗል።

«ከማን ልትደብቀው ነው?» አለችው።

«ምኑን?»

«ሰንሰሉን ነዋ። የአባባን መድኃኒት።»

መዶሻው አየር ላይ ቆመ። ትርንጎ ምንም እንዳልተፈጠረ ነገረችው። አባባ ታመው ስታስታምማቸው ጠይቃቸው ነግረዋት ነበር። ካረፉም በኋላ ሰው መምጣቱን አላቆመም፤ እሱ ሥራ ሲሄድ እየወቀጠች ትቀባላቸዋለች። አሁንም የምትወቅጠው ለዚያ ነው። መኳንንት ለምን እንዳልነገረችው ጠየቃት።

«ከረጢቱን ተሸክመህ ስትሄድ የምታውቀው መስሎኝ» አለች። «ደግሞ ዱቄቱንም፣ የሄድክበትንም አገር ደበቅከኝ። መቼ ጠየቅከኝ?»

እጇን በሰንሰሉ ቅጠል ጠርጋ ወደ ጓሮ ተመለሰች። መኳንንት ከአጥሩና ከቆርቆሮው መሃል ብቻውን ቀረ። ሚስማር ከኪሱ አወጣ። ያን ጊዜ አንዲት እናት፣ ራሱ በጭርት የተወረረ ሕፃን አዝላ፣ ከመንገዱ ብቅ አለች። ከሩቅ እንደመጣች ጫማዋ ይናገራል። ዝቅ ብላ እጅ ነሣችውና የመሪጌታ ተክለማርያም ቤት ይህ እንደሆነ ጠየቀችው።

«አላውቅም» አላት፤ ሚስማሩንም መታ።